ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ

እፍረት መጀመሪያ የሚይዘው ጆሮን ነው፣ ልጆቼ። ፊት ቆይቶ ነው የሚቀላው፤ ጆሮ ግን ሰው የቆነጠጠው ይመስል ወዲያው ይግላል። ይህን ካውያ አሳምሮ ያውቃል።

ካውያ የላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ግን ከሱቁ በር እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ መዳፉ ክረምት ከበጋ የሚሞቅ ልጅ ነው። ቀሚስ ሲተኩስ ያየው ሰው ሕፃን የሚያስተኛ ይመስለዋል።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር። የሱቁ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ወፍራም ሴት፣ ጠዋት በሩን ስትከፍት ጀምራ ትለፈልፈዋለች። «ኪሱ ያልተፈተሸ ልብስ ውሃ አይነካም! ሰምታችኋል?» ምክንያት አላት። አንድ ጊዜ ሱሪ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቀይ እስክሪብቶ ከነጭ ሸሚዞች ጋር ታጥቦ፣ አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ ካውያ ልብስ ሲረከብ ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁን ኪስ ውስጥ ይከታል።

ልጅቷንም ያወቃት በኪሷ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ፋርማሲ መድኃኒት የምትሰጠው እሷ ናት። በሳምንቱ መጨረሻ ነጭ ጋዋኖቿን ይዛ ትመጣለች፤ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሚንት ከረሜላ ወረቀት ይገኛል። አረንጓዴ ወረቀት ነው፤ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ትንንሽ ጀልባ ሆኗል። ካውያ ሊጥላቸው አልሆነለትም። ጋዋኑን ተኩሶ ሲያስረክባት ጀልባዎቹን ባንኮኒው ላይ ደርድሮ ጠበቃት።

«እነዚህን ደግሞ ምን ላድርጋቸው?» አለች ሳቋን እየታገለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የባሕር ኃይልሽ ነው፤ አንቺው እዘዢው።»

ሳቁ አሸነፋት። እንዲያ ጋዋን ለብሳ ለሚያያት ሰው የማይጠበቅ ሳቅ ነበር፤ ሆድ አስይዞ የሚያጎነብስ፣ ዓይን የሚያስለቅስ። ካውያ በዚያች ሳቅ ተያዘ፤ አለቀለት።

በሚቀጥለው ጊዜ፣ በተተኮሰው ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ያልተፈታ ከረሜላ አገኘች። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቀችም። እሱም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ጋዋኖቿ ቶሎ ቶሎ ይቆሽሹ ጀመር። አንድ ቀን ያመጣችውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣

«ይሄ እኮ ንጹሕ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች።

የእትዬ ድምፅ ከጓዳ ባይመጣ ነገሩ የት በደረሰ ነበር። «አንተ ካውያ! ወይ እሷን ጨርሰህ እያት፣ ወይ ሥራህን ሥራ፤ የሰው ሸሚዝ ተቃጠለ!»

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ሥር ሰደደ። ከሥራ ሲወጡ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይሸኛታል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ «የሚቀጥለውን እይዛለሁ» ትለዋለች፤ የሚቀጥለውም ሲመጣ እንደዚያው። ስለምን እንደሚያወሩ ቢጠየቁ አንዳቸውም አያስታውሱም።

አንድ አመሻሽ ላይ እዚያው ቆመው ሳለ፣

«አክስቴ እሁድ ምሳ ጠርታሃለች» አለችው።

ስለ አክስቲቱ ያልሰማው ነገር አልነበረም። ልጅቷን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። በአንድ ትልቅ ሆቴል የመመገቢያ አዳራሽ ኃላፊ ሆና፣ ስንቱን አስተናጋጅ በሹካና በቢላ ስታስለቅስ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ልጅቷ ስለ እሱ በነገረቻት ጊዜም ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። «አምጪውና ሲበላ ልየው። ከዚያ እነግርሻለሁ» ነው ያለችው።

«ሽሪምፕ ልትሠራ ነው» አለች ልጅቷ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች። «ታውቀዋለህ አይደል? ማለቴ... ትወዳለህ?»

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካውያ ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ምግብ የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ እሱንም አንድ ምግብ ቤት መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ በአውቶቡስ ሲያልፍ። «አላውቀውም» ቢል ምን ነበረበት? ምንም። ግን የሚወዳት ልጅ ዓይኑን እያየችው ነው፤ አክስቷም እየጠበቀችው ነው፤ «አላውቀውም» የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለች።

«ሽሪምፕ?» አለ። «እንዴ! ነፍሴ ነው እኮ!»

«እሷ ከነቅርፊቱ ነው የምታቀርበው። ከነጭንቅላቱ። በእጅ እየተላጠ...»

«እሱ ነው እንጂ የሚጥመው!» ብሎ አቋረጣት። ጆሮዎቹ ነደዱ።

ልጅቷ ለአፍታ አየችው። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተከፈተ፤ መልሳ ዘጋችው። አውቶቡሱ መጣ። ያን ቀን «የሚቀጥለውን እይዛለሁ» አላለችም።

እሁድ ካውያ ግራጫ ኮት ለበሰ። ኮቱ ባለቤቱ ሳይወስደው ቀርቶ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ የኖረ ነው። «የማይመጣ ሰው ልብስ ነው፤ ልበሰውና ሰው ምሰል» ብላ የሰጠችው እትዬ ናት። ትከሻው ትንሽ ሰፍቶታል፤ ኪሶቹም ጥልቅ ናቸው።

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ተወልውሎ መልክ ያሳያል። ካውያ ገበታ ላይ የተነጠፈውን ነጭ ጨርቅ ሲያይ ብቻ ልቡ ትንሽ ረጋ አለ፤ ቢያንስ ይህን ያውቃል። አተኳኮሱ ጥሩ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ እጥፋት ቀርቶበታል።

አክስቲቱ አጭር፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ባሏ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ግን ሰላጣና ዳቦ ብቻ ነበር።

«እኔን ተወኝ» አለው ለካውያ። «ጨጓራዬ ያንን ነገር አይወድልኝም።»

በየሰዉ ፊት ሁለት ሁለት ሳህን አለ። አንዱ የሚበላበት ነው፤ ሌላው ባዶውን ተቀምጧል። ካውያ ባዶውን ሳህን አየና ለምን እንደሆነ አልገባውም። መጠየቅም አልደፈረም።

ከዚያ ሽሪምፖቹ መጡ።

በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ተጠብሰው፣ ሎሚ ተጨምቆባቸው፣ ብርቱካንማ ሆነዋል። ጢም አላቸው። የእግራቸው ብዛት አይጣል ነው። ዓይናቸው እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ጥቁር ነው። ካውያ አያቸው፤ እነሱም አዩት።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሌላው ሰው ሲጀምር አይቶ ያንኑ ማድረግ። አክስቲቱ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እንግዳ ይጀምርልን» አለች። «ነፍሱ ነው አሉኝ።»

የገበታው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሆነ። ካውያ ሹካውን አነሳ፤ ሽሪምፑ ተንሸራተተ። በቢላው ሊያስቆመው ሞከረ፤ ሳህኑ ሲጥጥ አለ። መጨረሻ ላይ ሹካውንም ቢላውንም ትቶ፣ ሽሪምፑን በእጁ አንስቶ፣ ከነጭንቅላቱ ከነእግሩ አፉ ውስጥ ጨመረው።

ልጆቼ፣ ድምፁን ብትሰሙ! ጠጠር ላይ የሚሮጥ ሰው ኮቴ በሉት። ቅርፊቱ ድዱን ወጋው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንዷ ጢም ደግሞ አልገባም ብላ በከንፈሩ ጥግ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ከነቅርፊቱ?» አለች አክስቲቱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከነ... አዎ፣ ከነቅርፊቱ ነው የምወደው» አለ ካውያ፣ ገና እያኘከ።

ጋሼ ሳል የሚመስል ድምፅ አሰማና ሰላጣው ላይ አቀረቀረ።

ልጅቷ ፊት ለፊቱ ነበረች። አንድ ሽሪምፕ አንስታ፣ ከሳህኑ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ቀስ ብላ መላጥ ጀመረች። ጭንቅላቱን ጠምዘዝ አድርጋ አነሳችው። አውራ ጣቷን በሆዱ በኩል ሰድዳ እግሮቹን ከነቅርፊቱ ገለጠችው፤ ካውያ ራሱ የተቆለፈ ሸሚዝ ሲከፍት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ቅርፊቱን ባዶው ሳህን ላይ አኖረች። ሌላ አነሳች፤ አሁንም ቀስ ብላ። እያሳየችው ነበር። ገባው።

ቀና ሲል ግን የአክስቲቱ ዓይን እሱ ላይ ነው። አይቶ ቢማር፣ ያ ሁሉ «ነፍሴ ነው» ውሸት መሆኑ ታወቀ። ባይማር አፉ ሊደማ ነው። ዓይኑን ከልጅቷ ጣቶች ላይ ነቅሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ፤ መስኮቱ ላይ ምን እንዳለ ግን እግዜር ይወቅ።

ሁለተኛውን ማኘክ አልቻለም። አክስቲቱ ውሃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ሽሪምፑ በገበታው ጨርቅ ሥር አልፎ ወደ ኮቱ ኪስ ወረደ። ሌላውም ተከተለው። ሌላውም። ልጅቷ አቀርቅራ እየላጠች፣ ጋሼም ሰላጣው ላይ እንዳቀረቀረ ስለነበር አላዩም።

አክስቲቱ ስትመለስ የሚበላበት ሳህን ባዶ፣ የቅርፊቱም ሳህን ባዶ። አንዱን ከሌላው እያስተያየች ቆመች።

«ጭንቅላቱንም?»

«ጭንቅላቱ ነው እኮ ዋናው!» አለ ካውያ። ከዚህ በኋላ ውሸቱ እየመራው ነበር የሚሄደው።

«እንግዲያውስ...» አለችና ሳህኑን እንደገና ሞላችለት።

ምሳው እንዴት እንዳለቀ አይጠየቅ። ካውያ ሊሰናበት ሲነሳ ጀርባው በላብ ርሷል፤ ኪሱ ደግሞ ከብዶ፣ ረጥቦ፣ ጭኑ ላይ ይሞቀዋል። «በጣም አመሰግናለሁ፣ እጅዎ ይባረክ» እያለ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ፣ የቤቱ ድመት ከሶፋው ሥር ብቅ አለች።

ድመቷ እንግዳ አትወድም። ሰው ሲመጣ ሶፋ ሥር ትገባለች፤ ሰው ሲሄድ ትወጣለች። ያን ቀን ግን ጭራዋን ቀጥ አድርጋ መጥታ የካውያን እግር ታከከች።

«ወይ ጉድ! ወደደችህ እኮ!» አለ ጋሼ ተገርሞ።

ድመቷ በኋላ እግሮቿ ቆመች። የፊቶቹን ኪሱ ላይ አደረገች። ካውያ በዘዴ ሊያወርዳት ሞከረ፤ ጥፍሯ ተሰካ፤ ጎተተች፣ ጎተተ፤ ኪሱ ተገለበጠ።

ያ ሁሉ ሽሪምፕ በተወለወለው ወለል ላይ ተበተነ። ጭንቅላት፣ ጢም፣ እግር። አንዱ ተንሸራቶ ተንሸራቶ የአክስቲቱ ጫማ ሥር ቆመ።

የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጅቷ ሳቀች። ያ ሆድ አስይዞ የሚያጎነብሰው ሳቅ። አፏን በሁለት እጇ አፍና ልታቆመው ታገለች፤ አልቆመላትም።

ካውያ ተንበረከከና ከድመቷ ጋር እየተሻማ ይለቅም ጀመር። ከዚያ መልቀሙንም ተወው። ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ በሩን ከፍቶ ወጣ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ጆሮው፣ ፊቱ፣ አንገቱ፣ እስከ ደረቱ ድረስ ይነዳል። መንገዱን ግማሽ ሲሄድ ያ የሚወደው ሳቅ ከኋላው የሚከተለው መሰለው።

ኮቱን አጠበው። ደግሞ አጠበው። የኮቱ ሽታ ለቀቀ፤ እፍረቱ ግን ምን ቢታጠብ!

ከዚያ በኋላ ልጅቷ የሱቁን በር ስትከፍት እሱ ጓዳ ይገባል። ጋዋኗን እትዬ ትቀበላለች። ካውያ የጋዋኑን ኪስ ሲፈትሽ ያልተፈታ ከረሜላ ያገኛል፤ አሁን የምታስቀምጠው እሷ ናት። ጋዋኑን ተኩሶ ከረሜላውን ወደነበረበት ይመልሳል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው እትዬ። «ከረሜላ ስትመልስ አይሃለሁ፤ ሰላምታ ግን አትመልስም።»

«ይተዉኝ እትዬ።»

«ሰው ገደልክ ወይስ ምንድን ነው?»

«እሱ ይሻል ነበር።»

እያደር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘበት። ከቅርፊቱም፣ ከድመቷም፣ ከሳቁም ይልቅ የሚያሳፍረው ያች «ነፍሴ ነው» ያላት ቃል ሆነች። ልጅቷ እኮ ልትነግረው ጀምራ ነበር። አፏን ያስዘጋት ራሱ ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር ጆሮው ብቻውን ይግላል፤ በእንፋሎቱ መሃል ቆሞ «ሙቀቱ ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ልጅቷ መጣች። ባንኮኒው ጋ አልቆመችም፤ አልፋ ወደ ጓዳው ገባች። እትዬ መነጽሯን አወለቀች።

«ዳቦ ልግዛ» አለች።

«ዳቦ ጠዋት ተገዝቷል እኮ!» የሚል ድምፅ ከተሰቀሉት ቀሚሶች መሃል ተሰማ።

«ሌላ ዳቦ» ብላ ወጣች።

ልጅቷ ከቀሚሶቹ ሥር የሚታዩትን ሁለት ጫማዎች አየች። «አትደበቅ» አለች።

«አልተደበቅኩም። ሥራ ላይ ነኝ።»

«በቀሚስ መሃል?»

ወጣ። ሸሚዝ ዘርግቶ መተኮስ ጀመረ፤ ካውያው ግን ሶኬት ላይ አልተሰካም ነበር። ልጅቷ አየች፤ አልነገረችውም። ለጥቂት ጊዜ ባልሞቀ ካውያ ያንኑ ሸሚዝ ወዲያና ወዲህ ገፋው።

«ሳቅሽ» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል። «እነሱ ቢስቁ ምንም አይደል። አንቺ ሳቅሽ።»

«ሳቅኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ግን ለምን እንደሳቅኩ ትሰማኛለህ?»

ሸሚዙን ገልብጦ ዘረጋው። ይህን እሺ ነው ብላ ወሰደችው።

«እናቴ ሞታ እዚያ ቤት ስመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አክስቴ በመጀመሪያው እሁድ ሽሪምፕ ሠራች። ልታስደስተኝ ነው እኮ። እኔ ግን ዓይኑን ሳይ ፈራሁት። ስይዘው አመለጠኝ፤ በማንኪያ ጀርባ ጣቴን መታ አደረገችኝ፣ ‹እንዲህ አይደለም› አለች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግማ መታ። ከዚያ ጓዳ ስትገባ...» ቆም አለች። «ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረኝ እሁድም የምለብሰው ዩኒፎርሜን ነበር። ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።»

የካውያ እጅ ቆመ።

«እዚያው ረሳሁት። በነጋታው ክፍል ውስጥ ሸተተ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ከኔ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከኪሴ ሚንት የማይጠፋው ለምን ይመስልሃል? እስከ ዛሬ ሰው አጠገብ ከመቆሜ በፊት ኪሴን አሸታለሁ።»

ካውያ ያንን ሁሉ አረንጓዴ ጀልባ አሰበ። ባንኮኒው ላይ ደርድሮ የቀለደበትን።

«ኪስህ ሲገለበጥ ያየሁት አንተን ብቻ አይደለም» አለች። «ያችን ልጅም አየኋት። በዚህ ዓለም ላይ እንዲያ ያደረግኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳይ፣ ሳቁ አመለጠኝ። ግን አንተ ይህን በምን ታውቃለህ? ተንበርክከህ የሰማኸው ሳቄን ነው።» ዓይኗን ጠረገች። «ከሱ የባሰ ደግሞ አለ። እንደማታውቀው አውቄ ነበር። ‹ነፍሴ ነው› ስትል ጆሮህ ቀላ። ብነግርህ የናቅኩህ እንዳይመስልህ ፈርቼ ዝም አልኩ። ገበታው ላይም ዝም አልኩ። ‹አክስቴ፣ እስቲ አሳዪው› ብል ምን ነበር? ያችን ማንኪያ ይኸው አሁንም እፈራታለሁ።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለ ካውያ ቀስ ብሎ።

«እሁድ ና።»

«ፊቴን የት ላድርገው?»

«እኔ እንጃ። ወንበሩን ግን አስቀምጥልሃለሁ። ብትመጣም ባትመጣም።»

ጋዋኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች። ካውያ እንደ ልማዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ምንም የለም። ከረሜላ የለም፤ ጀልባም የለም። ጥጋጥጉን በጣቱ ዳሰሰ፤ ክር ብቻ ነው።

እትዬ ያለ ዳቦ ተመለሰች። «ኪሱን ፈተሽከው?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነማ ምን ይገትርሃል? ውሃ አይጎዳውም፤ እጠበው።»

እሁድ ካውያ ግራጫውን ኮት አልለበሰም። ከልብሶቹ መሃል መርጦ መርጦ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣ፤ ተኩሶ ለበሰው። በሩን የከፈተችለት አክስቲቱ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዛሬ ኮት የለም?»

«ኪስ የሌለው ልብስ መርጬ ነው» አለ።

ከውስጥ የጋሼ ሳል ተሰማ።

ገበታው ላይ ያው ነጭ ጨርቅ፣ ያው ሁለት ሁለት ሳህን። ሽሪምፕ እንዲሠራ የለመነችው ልጅቷ ናት። ሳህኑ መሃል ላይ ሲቀመጥ ማንም እጁን አልሰነዘረም። ካውያ ጆሮው ሲነድ ተሰማው፤ አንገቱም ተከተለ። ልጅቷን ሊያይ ፈለገና አልደፈረም። ወደ አክስቲቱ ዞረ።

«ባለፈው ዋሽቻለሁ» አለ። «ሽሪምፕ በዓይኔ ያየሁት እዚህ ገበታ ላይ ነው። እንዴት እንደሚበላ አላውቅም። ያሳዩኝ።»

ልጅቷም ሳህኗን ወደ አክስቷ ገፋ አደረገች።

«ለእኔም አሳዪኝ፣ አክስቴ» አለች። ድምፅዋ የሕፃን ልጅ ነበር። «ያለ ማንኪያ።»

አክስቲቱ በቀኟ የተቀመጠችውን ማንኪያ አየች። ቆይታ ቆይታ የልጅቷን ጣቶች አየች። ካውያ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው፤ የዚያች ቀጥ ያለች ሴት ጆሮዎች ቀስ እያሉ ቀሉ። ማንኪያዋን አነሳችና የገበታው ጨርቅ ሥር ደበቀቻት።

«እንግዳ መቀበል ነበር ሥራዬ» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ለሰው ሁሉ አስተማርኩ። እቤቴ የመጣ ልጅ ግን ኪሱን ሞልቶ አፍሮ ወጣ። ያሳደግኳት ደግሞ...» አልጨረሰችውም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች።

«እዩ እንግዲህ። መጀመሪያ እዚህ፣ ጭንቅላቱና ገላው የሚገናኙበት ላይ ያዙት። አትጭመቁት። ጠምዘዝ። አየህ? ራሱ ይለቃል። አሁን በሆዱ በኩል፤ አይዞህ፣ አይነክስህም። እግሮቹን ሰብሰብ አድርገህ ቅርፊቱን ወደ ጎን ግለጠው። ጭራውን ተወው፤ እሱ መያዣህ ነው። ጀርባው ላይ ያለችውን ጥቁር ክር በቢላው ጫፍ ሳባት። ቅርፊቱ ወደ ባዶው ሳህን። ሎሚ። በቃ።»

የመጀመሪያው የካውያ ሽሪምፕ ሁለት ቦታ ተበጠሰ። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው ደህና ወጣ። የልብስ ሰው ጣት አይደል፤ ሦስተኛው ላይ እጁ ሊፍታታ ጀመረ።

ያን ጊዜ ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ... እሱን ከጭንቅላቱ ጀምረሽ ድገሚው።»

አክስቲቱ ዞረች። «አንተ ደግሞ! ጨጓራህስ?»

«ጨጓራዬ ደህና ነው» አለ ጋሼ፣ ሰላጣውን እያየ። «ከተጋባን ጀምሮ ደህና ነው።»

አክስቲቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ስንት እሁድ፣ ስንት ሰላጣ በዓይኗ ላይ እንዳለፈ ማን ያውቃል። በቅቤ የተነከረ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ልቅሶ መስሏቸው ሦስቱም ደነገጡ፤ እጇን ስታወርድ ግን እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ ነበሩ። ልጅቷም ያንን ሳቋን ለቀቀችው። ካውያ ሰማው። ያ ሲከተለው የከረመው ሳቅ ነው፤ አሁን ከጎኑ ተቀምጧል።

አንድ ሽሪምፕ በጥንቃቄ ላጠ። ክሯን አወጣ፣ ሎሚ ጠብ አደረገበት፣ ከዚያ የልጅቷ ሳህን ላይ አኖረው።

ሊሰናበት ሲነሳ አክስቲቱ አስቆመችው። «ወዴት? እንግዳ የነበርከው ባለፈው ነው። ዛሬ ሳህን ታጥባለህ።»

«እሺ፣ አክስቴ» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። እሷም ሰማች፤ አላረመችውም።

ጓዳ ውስጥ እሱ አጠበ፣ ልጅቷ አደረቀች። ድመቷ እግራቸው መሃል እየተሽሎከለከች ሸሚዙን ወደ ላይ እያየች ጮኸች፤ የምትፈልገው ኪስ የለም። ልጅቷ ጨርቁን አስቀምጣ ከራሷ ኪስ የሚንት ከረሜላ አወጣች። ደረቱን አየች፤ ጎኑን አየች፤ ማስገቢያ አጣች። ያኔ እርጥብ እጁን ያዘችና ከረሜላውን መዳፉ ላይ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። እጇን ግን አላነሳችም።

የካውያ ጆሮ ጋለ። እሱም ይህን ጊዜ «ሙቀቱ ነው» አላለም።